ባንዲራውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ በነርሲንግ ሆም፣ በሆስፒታልና በቤት ለቤት እንክብካቤ ለምትሠሩ እህቶቼና ወንድሞቼ ነው። አብራችሁ የቬትናም ተወላጅ ይሠራ ይሆናል። የምታጥቧቸውና የምታጎርሷቸው ሽማግሌ ደግሞ በወጣትነታቸው ቬትናም ዘምተው ይሆናል። እኔ ሁለቱንም ጎድቻለሁ። ክፋት ኖሮኝ ሳይሆን ባለማወቅ። በዚህ የተነሳ ሥራዬን ላጣ ነበር፤ ከሥራው የበለጠ ያሳሰበኝ ግን አንዲት ጓደኛዬ ነበረች። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቬትናም የሚለውን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ከታላቅ ወንድሜ አፍ ነው። የዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ተማሪ የቬትናሙን ኮሙኒስት መሪ ሆ ቺ ሚንን ከቼ ጉቬራ ጋር አብሮ በመፈክሩ ይጠራ ነበር። ወንድሜም እንደዚያው። ኤፕሪል 30 ቀን 1975 የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን በኮሙኒስቶቹ፣ በሰሜኖቹ እጅ ስትገባ፣ ደርግ ንጉሡን ካወረደ ስምንት ወር እንኳ አልሞላውም። ወንድሜ በዚያ ቀን እንዴት እንደፈነጠዘ እናቴ ትነግረኝ ነበር። በኋላ እኔ ትምህርት ቤት ስገባ ያንኑ ተማርኩ፤ ጭቁን ሕዝብ ኢምፔሪያሊዝምን አንበረከከ። ወንድሜ ያኔ የለም። በቀይ ሽብር ከቤት ተወስዶ ቀርቷል። የወሰዱትም እንደ እሱ ሶሻሊዝም የሚሉ ሰዎች ነበሩ።

እንግዲህ ስለ ቬትናም የማውቀው ይህንኑ ነበር። ትንሽ ሀገር ትልቁን ሀገር አሸነፈች፣ አለቀ።

ሰሜን ቨርጂኒያ በምሠራበት ነርሲንግ ሆም አንድ የ70 ዓመት ሰው ተሰጡኝ። ስኳር በሽታ አንድ እግራቸውን ወስዶታል። በልቤ ጋሼ እላቸው ስለነበር እዚህም ጋሼ ልበላቸው። አንድ ቀን ጢማቸውን እየላጨሁ ግድግዳው ላይ በወታደር ልብስ የተነሱትን ፎቶ አየሁ።

«ቬትናም ነበሩ እንዴ?» አልኳቸው።

«አዎ። በ1968።»

«እነሱ አሸነፉ፣ አይደል?»

እንደ ኳስ ጨዋታ ውጤት ነው የጠየቅኩት። ጋሼ መላጫውን ከእጄ ወስደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ግማሽ ፊታቸው በአረፋ እንደተሸፈነ ወደ መስኮቱ ዞሩ። የዚያን ቀን ሌላ ቃል አልተነፈሱም።

ከሳምንት በኋላ በማታ ሺፍት ሲቃዡ ሰማኋቸው። ሮጬ ገብቼ ትከሻቸውን ነካሁ። ከእንቅልፋቸው ሳይነቁ አንጓዬን ይዘው ጠመዘዙኝ። ሲነቁ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ደነገጡ፤ አለቀሱም። እባካችሁ ከዚህ ተማሩ። የዘመተን ሰው ከእንቅልፉ በእጅ አትቀስቅሱ። በር ላይ ቁሙ፣ መብራቱን አብሩ፣ ስሙን ጥሩ፣ ማን እንደሆናችሁ ንገሩት። በጁላይ 4 ርችት ሲተኮስ ደግሞ መስኮቱን ዘግታችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ይህ ሕመም የራሱ ስም (ፒቲኤስዲ) አግኝቶ በአሜሪካ የሐኪሞች መጽሐፍ የገባው በ1980 ነው። ጦርነቱ ካበቃ ከአምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። እስከዚያ እነ ጋሼ የሚያማቸውን ነገር በስሙ የሚጠራላቸው አልነበረም።

ቺ ኩሽና ውስጥ ነበረች የምትሠራው። ቺ ስሟ አይደለም። በቬትናም ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። እነሱም እንደኛ ሰውን በባዶ ስሙ አይጠሩም። እኛ እትዬ፣ ጋሼ፣ እማማ እንደምንለው ለሁሉም እንደ ዕድሜው መጠሪያ አላቸው። እኔን «ኤም» ትለኝ ነበር፤ ታናሼ እንደማለት። ሾርባ ሲተርፍ ትደብቅልኛለች፤ እኔም ቤቴ ዳቦ ስጋግር አመጣላታለሁ። የመጣችው ከሳይጎን መሆኑን አውቃለሁ። ሌላ ምንም ጠይቄያት አላውቅም።

ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ሠራተኞቹ የየሀገራችንን ምግብ የምናቀርብበት ቀን ተዘጋጀ። ጠረጴዛዎቹን የማስጌጥ ኃላፊነት የእኔ ሆነ። የሠራተኞቹን ሀገሮች ባንዲራ ከኢንተርኔት አውጥቼ በወረቀት አተምኩ። የእኛ ላይ ስደርስ ብዙ አሰብኩ። ኮከብ ያለበት ይሁን ወይስ ልሙጡ? በዚህ ጉዳይ ሐበሻ እንዴት እንደሚጣላ አውቃለሁ። ልሙጡን መረጥኩ። የሌላው ሕዝብም እንዲህ ዓይነት ጣጣ ሊኖርበት እንደሚችል ግን ለአንዲት ደቂቃ አላሰብኩም። ለቬትናም የወጣልኝን ቀዩን፣ መሐሉ ላይ ቢጫ ኮከብ ያለበትን አተምኩና የቺ ጥቅልል ምግብ የሚቀርብበት ቦታ ላይ ተከልኩት።

ቺ ትሪውን ተሸክማ መጣች። አየችው። ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ ሽርጧን ፈታች፤ ምንም ሳትናገር ወጥታ ሄደች።

ጋሼ በዊልቸራቸው ተጠግተው ባንዲራውን ነቀሉት። አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ያ የእሷ ባንዲራ አይደለም» አሉኝ። «የእሷ ቢጫው፣ የደቡብ ቬትናሙ ነው፤ ሦስት ቀይ መስመር ያለው።» ስለ ጦርነቱ በራሳቸው ፈቃድ ሲያወሩኝ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

እዚያው ከሚኖሩት አንዷ የቬትናም ተወላጅ እናት ነበሩ። ልጃቸው ለቢሮው አቤቱታ አስገባች። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ሁለተኛ ከመጣ መባረር ነው ተባልኩ። በዚያ ላይ ቀኑ የኤፕሪል የመጨረሻው ሳምንት መሆኑ ነገሩን አባሰው። ኤፕሪል 30 ለስደተኞቹ ቬትናሞች «ጥቁር ኤፕሪል» ነው። ሀገራቸው የጠፋበት የሐዘን ቀን። በለቅሶ ቤት የገዳይን ፎቶ እንደመስቀል ሆነብኝ።

ማታ ቤት ስገባ እልሄን ቤዝመንቴን በተከራየው ተማሪ ላይ ተወጣሁ። ልጁ ከሃኖይ ነው የመጣው። ገና 20 ዓመቱ ነበር። «የእናንተ ባንዲራ ጉድ ሠራኝ» አልኩት። ግራ ገባው። ለእሱ ቀዩ ባንዲራ የኳስ ሜዳው፣ የትምህርት ቤቱ፣ የአያቱ ባንዲራ ነው። ቢጫውን የሚያውቀው ከመማሪያ መጽሐፍ፣ የአሜሪካ አሻንጉሊት የነበረ መንግሥት ምልክት ተብሎ ነው። አሻንጉሊት የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። እኛም በደርግ ጊዜ ይህንኑ ቃል ስንዘምር ነው ያደግነው። ኤፕሪል 30 እነሱ ጋ የሕዝብ በዓል ነው፤ ደቡቡ ነፃ የወጣበት፣ ሀገሪቱም አንድ የሆነችበት። ያው ቀን አንዱ ቤት ርችት፣ ሌላው ቤት ጥቁር ልብስ።

ጦርነቱን ራሱን እኔ እንደምጠራው አይጠሩትም። አሜሪካኖች የቬትናም ጦርነት ይላሉ። ልጁ የተማረው አሜሪካንን የመመከትና ሀገርን የማዳን ጦርነት ብሎ ነው። በአሜሪካኖች ዘንድ ጉዳዩ ኮሙኒዝም ነበር። ሰሜኑ ደቡቡን ከያዘ ጎረቤቶቹ ሀገሮች ተራ በተራ ይወድቃሉ የሚል ፍርሃት። በልጁ ዘንድ ግን ታሪኩ የሚጀምረው ከአሜሪካ አይደለም። ቻይና ለሺህ ዓመት ገዝታናለች ይላል፤ ከዚያ ፈረንሳይ መጣ፣ በ1954 ዲየን ቢየን ፉ ላይ ተሸነፈ። አሜሪካ በዚያ ረጅም ሰልፍ ውስጥ አንዷ ናት። በ1979 ደግሞ ከራሷ ከኮሙኒስቷ ቻይና ጋር ተዋግተዋል። ሆ ቺ ሚን ሴፕቴምበር 2 ቀን 1945 ሃኖይ ላይ ነፃነት ሲያውጁ ንግግራቸውን የጀመሩት ከአሜሪካ የነፃነት አዋጅ በተወሰደ ዓረፍተ ነገር መሆኑን ልጁ በኩራት ነገረኝ። ይህን አንድም ትምህርት ቤት አላስተማረኝም። አሜሪካንን ይጠላ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሳቀ። ሁለቱ መንግሥታት በ1995 ታርቀዋል፣ እሱ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። ለምን ይጥላ? በእኔ ግምት ላሸነፈ ሰው ይቅር ማለት ይቀለዋል። ገና ያልታረቁት የአንድ እናት ልጆቹ ናቸው።

እንዲህ ሲባል ልጁ ቤት ሐዘን የለም ማለት አይደለም። የአያቱ ወንድም በ1972 ኳንግ ትሪ የሚባል ቦታ ቀርቷል። አስከሬኑ እስከ ዛሬ አልተገኘም። አያቱ በየዓመቱ ዕጣን ያጨሱለታል፤ ግን የሞተበትን ቀን ስለማያውቁ ከቤት በወጣበት ቀን ነው የሚያስቡት። በዚያ ሀገር አጽማቸው ያልተገኘ ወይም ያልታወቀ ወታደሮች በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ ይባላል። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ወንድሜ ትዝ አለኝ። እናቴም እስክትሞት ድረስ የምታስበው ከቤት የተወሰደበትን ቀን ነበር።

ወደ ቺ ልመለስ። ትልቁ ስህተቴ ባንዲራው ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ ግን ይቅርታ አጠያየቄ ይብሳል እላለሁ። በማግስቱ ኩሽና ሄጄ ምክንያት ደረደርኩ። «ዛሬ የሀገሪቱ ሕጋዊ ባንዲራ እኮ ይህ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ጋ የሚሰቀለውም እሱ ነው» አልኳት። ልክ ነኝ፤ ግን ምን ዋጋ አለው? እያለቀሰች ለነበረች ሴት ካርታ አሳየኋት። ሦስት ወር ሙሉ አላናገረችኝም። ሾርባውም ቀረ። በኮሪደር ስንተላለፍ ግድግዳውን ታያለች። እንደዚያ ዓመት ሥራ መግባት ከብዶኝ አያውቅም። ሌላ ቦታ ማመልከቻ አስገብቼም ነበር።

ኦገስት ላይ አንድ ከሰዓት ከኋላው በር ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ባንዲራው ምንም አላነሳሁም። «ቺ፣ ወንድሜን ኮሙኒስት ነን ያሉ ሰዎች ከቤት ወስደው ገደሉት፤ መቃብሩን አናውቀውም» አልኳት። ዞራ አየችኝ። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ስሙ ማን ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት። ደጋግማ ለመጥራት ሞከረች፤ አልመጣላትም። ቀጥላ የራሷን ወንድም ስም ነገረችኝ።

አባቷ የደቡቡ ጦር መኮንን ነበሩ። ከ1975 በኋላ ለጥቂት ቀን ትምህርት ተብለው ተጠርተው ሰባት ዓመት ታሰሩ። «መልሶ ማስተማሪያ» ይሉታል፤ ካምፕ ነው። እሷና ታናሽ ወንድሟ በ1980 በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ወጡ። ወንድሟ ባሕር ላይ ቀረ። እሷ ማሌዥያ፣ ፑላው ቢዶንግ የሚባል ደሴት ላይ ያለ የስደተኞች ሰፈር ገባች። አባቷ የመጡት በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ አሜሪካ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ በካምፕ የታሰሩትን ስትቀበል ነው። ያን ቀይ ባንዲራ አባቷን ሲወስዱ በራቸው ላይ ተተክሎ አይታዋለች። እኔ ደግሞ በምግቧ ላይ ተከልኩላት።

ከዚያ ወዲህ በእረፍት ቀናችን ፎልስ ቸርች ወደሚገኘው ኤደን ሴንተር ትወስደኝ ጀመር። ብዙዎቻችሁ በአጠገቡ ታልፋላችሁ፤ የሐበሻ ሱቆችም ሩቅ አይደሉም። መኪና ማቆሚያው ላይ ቢጫው ባንዲራ ከአሜሪካው ጎን ይውለበለባል። የሰዓት ማማው የሳይጎኑን የቤን ታን ገበያ ይመስላል። ጣፋጭ ወተት ያለበት ቀዝቃዛ ቡና ይዛ «ሳይጎን» እያለች ታወራለች። ሆ ቺ ሚን ከተማ የሚለው የከተማዋ የዛሬ ስም ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። እናንተም ሰውየው ከተማውን በሚጠራበት ስም ጥሩት። እሱ ሳይጎን ካለ እናንተም ሳይጎን በሉ።

እዚያ ቁጭ ብለን ሳለ አንድ ነገር ገባኝ። አጎቴ ከሱዳን ወደዚህ ሀገር የገባው በ1980ው የስደተኞች ሕግ ነው። ያ ሕግ እንዲወጣ ካደረጉት ትልልቅ ምክንያቶች አንዱ የእነ ቺ በጀልባ መሰደድ ነበር። እነሱ ባሕር ውስጥ ሲሰምጡ የተከፈተ በር ለእኛም ሰው ሆኗል። ይህን ስነግራት እጄን ይዛ ምንም አላለችም።

ጋሼም ቀስ በቀስ ከፈቱልኝ። ለዚህ የረዳኝ አንድ ቃል ነው። የቬትናም ዘማቾች እርስ በርስ «ዌልካም ሆም» ይባባላሉ። እንኳን ወደ ቤትዎ በደህና ተመለሱ ማለት ነው። ሲመለሱ ሀገሩ በጦርነቱ ላይ ተከፋፍሎ ስለነበር ብዙዎቹ ይህን የሚላቸው አላገኙም። ማርች 29፣ የቬትናም ዘማቾች ቀን፣ ይህንኑ አልኳቸው። ዓይናቸው ሞላ። የተጠሩት በግዳጅ መሆኑን፣ እኛ ብሔራዊ ውትድርና እንደምንለው፣ ያኔ ነገሩኝ። ስለ ኮሙኒዝም ምንም አያውቁም ነበር። የታላቅ ወንድማቸው ሚስት ጦርነቱን በመቃወም ሰልፍ ትወጣ ነበር። በገና ቀን አንድ ማዕድ ላይ አብረው መብላት የቻሉት ከዓመታት በኋላ ነው። አሜሪካኖችም ስለዚህ ጦርነት አንድ ልብ የላቸውም። አንዱ ያለቦታችን ገባን ይላል፣ ሌላው ፖለቲከኞች እጃችንን አሰሩት ይላል። እናንተ ዳኛ አትሁኑ። «ማን ልክ ነበር?» ከማለት «አብሮዎት የነበረው ጓደኛዎ ከየት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

በዚያ በጋ በነርሲንግ ሆሙ ቫን ዋሽንግተን ያለውን የዘማቾቹን ግድግዳ አየን። በ1982 የተመረቀ ነው፣ ጥቁር ድንጋይ። ከ58,000 በላይ ስም ተቀርጾበታል፤ በፊደል ተራ ሳይሆን በሞቱበት ወይም በተጎዱበት ቀን ቅደም ተከተል። ድንጋዩ እንደ መስታወት ስለሚያንጸባርቅ ስሙን ስታነቡ የራሳችሁን ፊት ታያላችሁ። ጋሼ የጓደኛቸውን ስም በጣታቸው ፈልገው ነኩት። ወረቀት ደግፌ በእርሳስ ስሙን አነሳሁላቸው።

ማታ ለልጁ ስነግረው ወረቀት አውጥቶ አሰላ። የሀገሩ መንግሥት በ1995 ይፋ ባደረገው ቁጥር ሁለት ሚሊዮን ሲቪልና 1.1 ሚሊዮን ተዋጊ ሞቷል። «እንዲህ ያለ ግድግዳ ቢሠራልን ከ50 ጊዜ በላይ ይረዝማል» አለኝ። በማግስቱ ለቺ ሁለቱንም ነገርኳት። «የአጎቴ ስም ከሁለቱም የለም» አለች። ለደቡቡ ጦር ሲዋጋ ነው የሞተው። የዋሽንግተኑ ግድግዳ የአሜሪካኖች ነው። በቬትናም ያሉት የሰማዕታት መቃብሮች ደግሞ የአሸናፊዎቹ ናቸው። እሱ ያረፈው ቢየን ሆዋ በሚገኘው የደቡብ ወታደሮች መቃብር ሲሆን፣ ቦታው እስከ 2006 በጦሩ እጅ ስለነበር ቤተሰብ እንደልቡ ሣር የሚነቅልበት አልነበረም። ሁለት ወገን ሲባል ከሰማችሁ ሦስተኛውን ፈልጉ። እኔ የጎዳሁት ሦስተኛውን ነው።

አንድ የግድ ልነግራችሁ የሚገባ ነገር አለ። የጋሼ ስኳር ከየት እንደመጣ ለዓመታት የጠየቀ አልነበረም። የአሜሪካ ጦር በቬትናም ጫካ ላይ ኤጀንት ኦሬንጅ የሚባል ቅጠል የሚያረግፍ መርዝ ሲረጭ ነበር። የዘማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ፣ ቪኤ የምንለው፣ ከጃንዋሪ 1962 እስከ ሜይ 1975 ባለው ጊዜ አንድ ቀንም ቢሆን የቬትናምን ምድር የረገጠ ዘማች ዓይነት ሁለት ስኳር ከያዘው ከመርዙ እንደመጣ አድርጎ ይቀበለዋል። ፓርኪንሰን፣ የፕሮስቴት ካንሰርና አንዳንድ የልብ ሕመምም እንዲሁ። በሽታው ከመርዙ መምጣቱን ዘማቹ ራሱ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ጋሼ ይህን አያውቁም ነበር። ለልጃቸው ነገርኳት፣ ማመልከቻው ገባ፣ ተፈቀደላቸው። የምትንከባከቡት ሰው ቬትናም ከነበረና ከእነዚህ አንዱ ካለበት ለቤተሰቡ ዛሬውኑ ንገሩ። ባሏ በዚህ በሽታ የሞተባት ሴትም መብት ሊኖራት ይችላል። ልጁ ይህን ሲሰማ መርዙ እነሱ ጋ ገና በአፈር ውስጥ እንዳለ ነገረኝ። የዳ ናንግ አውሮፕላን ማረፊያ በአሜሪካ ገንዘብ ከመርዙ ጸድቶ ያለቀው በ2018 ነው።

ብዙ ሰው «ቺና ልጁን አገናኘሻቸው?» ይለኛል። አላገናኘኋቸውም። አንዴ ቺን ጠየቅኳት፤ «አይሆንልኝም፣ ኤም» አለች። ልጁ ክፉ እንዳልሆነ ታውቃለች። አነጋገሩ ግን የሰሜን ነው፤ አባቷን የወሰዱት ሰዎች አነጋገር። አልገፋኋትም። እናንተም አትግፉ። ሰው በሌላ ሰው ፍላጎት አይታረቅም።

በቀጣዩ ፌብሯሪ የእነሱ አዲስ ዓመት፣ ቴት፣ ደረሰ። ልጁ ለበዓል ሀገሩ መግባት አልቻለም። ቤዝመንት ውስጥ ብቻውን ነው፤ ይህን ለቺ አንስቼላት ነበር። በበዓሉ ዋዜማ ሺፍቴን ስጨርስ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አስቀመጠች። በሙዝ ቅጠል የታሰረ፣ ረጅም፣ እንደ ክንድ ድቡልቡል። ተጣባቂ ሩዝ፣ ማሾና የአሳማ ሥጋ ነው ያለበት። ባን ቴት ይሉታል። «ለተከራይሽ ስጪው» አለችኝ። «ከማን እንደሆነ አትንገሪው።»

ቤት ስደርስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ቅጠሉን ሳይፈታ ቆሞ አየው። በሰሜን ይህ ምግብ አራት ማዕዘን ነው፤ እነሱ ባን ቹንግ ይሉታል።

«ይሄ የደቡብ ሰው እጅ ነው» አለ።

ምንም አልመለስኩለትም። ሁለት ሳህን አምጥቶ አንዱን ለእኔ አስቀመጠ። ገመዱን ከመፍታቱ በፊት ግን እንዳለ አንስቶ የአያቱ ወንድም ፎቶ ፊት አኖረው፤ ዕጣኑንም ለኮሰ።